አንድ ዙር ፓርላማ ይበቃል?

አራት ኪሎ፦ ቤተሰብ፣ ትናንት ከፓርላማው ዝቅ ብላ ካለች ቡና ቤት የተረፈ ክርክር ነው። እኔ የምለው፣ ተመራጭ አንድ ዙር አገልግሎ ወደ ሥራው ይመለስ። ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነውን ሊንከንን እዩ። ስፕሪንግፊልድ የምትባል ትንሽ ከተማ ጠበቃ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1847 ኮንግረስ ገባ፣ በ1849 ወጣ፣ ጥብቅናውን ቀጠለ። እኛ ጋ ዙሩ አምስት ዓመት ነው፣ ስንቴም ቢመረጥ ከልካይ የለውም።

ሰባራ ባቡር፦ በሁለት ዓመት ምን ሊሠራ? በሩን ሳይለይ ወጣ በለኛ።

አራት ኪሎ፦ ኧረ ተናግሯል! ፕሬዚዳንት ፖልክ "ሜክሲኮ መሬታችን ላይ ደማችንን አፈሰሰች" ብሎ ጦርነት አስጀምሮ ነበር። ሊንከን ገና በገባ ወር ሳይሞላው "ደሙ የፈሰሰበትን ቦታ አሳየና" አለው። የሚመለስበት ሥራ ስላለው ነው የደፈረው።

ሰባራ ባቡር፦ ለመድፈርማ እኛም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 አለን። ተወካይ ምክር ቤት ውስጥ በሰጠው ድምፅም ሆነ አስተያየት አይከሰስም። እዚያው አንቀጽ ላይ ደግሞ መራጩ አመኔታ ካጣበት ያነሳዋል ይላል። ዙር መቁጠሩን ምን አመጣው?

ጠበቃዋ፦ ልግባ እስቲ። አራት ኪሎ ወንድሜ፣ ግማሹን ዋጥከው እኮ። ሰውዬው ጀማሪ አልነበረም፣ ቀድሞ የኢሊኖይ ምክር ቤት አራት ዙር ተቀምጧል። አንድ ዙር የሆነውም የፓርቲው ሰዎች በተራ ስለሚገቡ ነው። ያ ጥያቄው ደግሞ አገሩ ላይ አስጠላው። በቀጣዩ ምርጫ የፓርቲው እጩ የድሮ ሸሪኩ ሎጋን ነበር፣ ተሸነፈ። ጦሱ ለሌላው ተረፈ ማለት ነው።

ሰባራ ባቡር፦ 😂 ይኸው!

ጠበቃዋ፦ አንተም ቶሎ አትሳቅ። የኔ ጭንቀት መመለሻው ነው። ልደታ ችሎት ቀጠሮ እያለህ አምስት ዓመት ጥፋና፣ ደንበኛ ይጠብቅሃል? የማውቃቸው አንድ ጋሼ ምክር ቤት ቆይተው ሲመለሱ ቢሯቸው ፀጉር ቤት ሆኖ ጠበቃቸው። ሊንከን ግን ሄርንደን የሚባል ሸሪክ ነበረው፣ ቢሮውን ሳይዘጋ ቆየው። ባይኖርማ፣ ሰውዬው ወረቀቱን ባርኔጣው ውስጥ ነበር የሚያስቀምጠው! አንዴ አዲስ ባርኔጣ ገዝቶ፣ የአንድ ሰው ደብዳቤ አሮጌው ውስጥ ተረስቶ ይቅርታ ጽፏል።

አራት ኪሎ፦ እሺ እቴ፣ አንቺ ብትመረጪስ?

ጠበቃዋ፦ መጀመሪያ ሄርንደን ፈልጉልኝ። የቢሮ ኪራይ የሚከፍል ከሆነ ሁለት ዙርም እቀመጣለሁ።