ለአነስተኛ ቡድን የውስጥ የላይብረሪ ማከማቻ ስለማቋቋም

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ሰባት ፕሮግራመሮች ሆነን በጃቫ ቋንቋና ፕሮጀክት በሚገነባው በሜቨን መሣሪያ እንሠራለን። ላይብረሪዎችን (ዝግጁ የኮድ ጥቅሎችን) እያንዳንዳችን በቀጥታ ሜቨን ሴንትራል ከተባለው ይፋዊ የኢንተርኔት ማከማቻ ስለምናወርድ፣ አዲስ ኮምፒውተር በምናዘጋጅበት ቀን ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሥራው ይቆማል። በራሳችን የጻፍናቸውን የጋራ ላይብረሪዎች ደግሞ እስካሁን የምንቀባበለው በፍላሽ ነው፤ ባለፈው ወር ሁለት ባልደረቦች አንድ ዓይነት የስሪት ቁጥር ያላቸው፣ ይዘታቸው ግን የተለያየ ፋይሎች ይዘው ተገኝተዋል። ኔክሰስ የተባለውን የላይብረሪ ማከማቻ ሶፍትዌር በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ለመጫን አስበናልና፣ በተለይ ስለ ባክአፕ ምክር ብትሰጡን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦
በኔክሰስ ፕሮክሲ የሚባለው ማከማቻ ከውጭ የሚመጣውን አንድ ጊዜ አውርዶ ያስቀምጣል፤ ሆስትድ የራሳችሁን ሥራ ይይዛል፤ ግሩፕ ሁለቱንም በአንድ አድራሻ ያቀርባል። በየኮምፒውተሩ ባለው የሜቨን ሴቲንግስ ፋይል ውስጥ ሚረሩን (የማውረጃ አድራሻን የሚተካውን ቅንብር) በኮከብ ምልክት ሁሉን እንዲሸፍን አድርጋችሁ ወደ ግሩፑ አድራሻ ምሩት። ይህ ካልተደረገ በፖም ፋይሉ (የፕሮጀክቱን ዝርዝር በሚይዘው) የውጭ አድራሻ የተጻፈበት ፕሮጀክት በዚያው መንገድ ማውረዱን ይቀጥላል፤ ነገሩም ኢንተርኔት እስኪጠፋ ድረስ አይታወቅም። የሪሊዝ (የተጠናቀቀ ስሪት) ማከማቻውን ከስናፕሾቱ (ገና በሥራ ላይ ካለው ስሪት) ለዩት፤ በሪሊዙ ላይ በአንድ የስሪት ቁጥር ሁለት ጊዜ መጫን የተከለከለ ይሁን፤ የፍላሹ ችግር የሚፈታው በዚህ ነው። ባክአፕ የሚያስፈልገው ለሆስትዱ ብቻ ነው፤ ፕሮክሲው ቢጠፋ ራሱ መልሶ ይሞላል።

መልስ 2፦
በመጨረሻው ነጥብ አልስማማም። ፕሮክሲው መልሶ የሚሞላው ምንጩ በቦታው እስካለ ድረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሌፍት ፓድ የተባለች 11 መስመር ብቻ ያላት ላይብረሪ ኤንፒኤም ከተባለው የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ማከማቻ በመነሳቷ ብዙ ፕሮጀክቶች መገንባት አቅቷቸው ነበር፤ በ2021 ቢንትሬይ የተባለው የላይብረሪ ማከማቻ ሲዘጋም እዚያ ብቻ ይገኙ የነበሩ ላይብረሪዎች ከቦታቸው ጠፍተዋል። ዲስክ ርካሽ ስለሆነ ሁሉንም አስቀምጡ። ይሁን እንጂ ኔክሰስ ፋይሎቹን በብሎብ ስቶር፣ መረጃቸውን ደግሞ በዳታቤዝ ስለሚይዝ፣ የሁለቱ ባክአፕ የአንድ ሰዓት ካልሆነ እርስ በርሱ አይገጥምም። ዴስክቶፑንም ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጎዳው ዳታቤዙ ነው።

ጠያቂው፦
ስለ ሁለታችሁም ማብራሪያ አመሰግናለሁ። ወደፊት የፓይተን ፕሮጀክት ስለምንጨምር፣ የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገው ይሆን?

መልስ 3፦
በእጅጉ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሌክስ ቢርሳን የተባለ የደኅንነት ተመራማሪ፣ ኩባንያዎች በውስጥ በሚጠቀሙባቸው የላይብረሪ ስሞች የራሱን ኮድ በይፋዊ ማከማቻዎች ላይ ጭኖ፣ ከ35 በሚበልጡ ድርጅቶች ውስጥ እንዲሠራ ማድረግ ችሏል። ፒፕ (የፓይተን ላይብረሪዎችን የሚያወርደው መሣሪያ) ተጨማሪ አድራሻ ሲሰጠው ለውስጡ ቅድሚያ አይሰጥም፤ ከሁለቱ ከፍ ያለ የስሪት ቁጥር ያለውን ይወስዳል። ስለዚህ ተጨማሪ አድራሻ ከመስጠት ይልቅ ዋናውን አድራሻ በራሳችሁ ግሩፕ ተኩት፤ የውስጥ ላይብረሪዎቻችሁንም ስም በአንድ መነሻ ቃል ጀምሩትና፣ በዚያ ቃል የሚጀምር ጥያቄ ፈጽሞ ወደ ውጭ እንዳይወጣ በኔክሰስ ራውቲንግ ሩል ዝጉት። ለሜቨኑም በድርጅታችሁ ግሩፕ አይዲ (በላይብረሪዎቻችሁ የሜቨን መለያ ስም መነሻ) ላይ ይህንኑ ብታደርጉ አይከፋም።