ጭስ የሌለው የቀጥቃጭ ከሰል ራስ ያሳምማልን?

ጠያቂ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ከመኖሪያ ቤቴ ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ በተያያዘች ክፍል ውስጥ ማረሻና መጥረቢያ እቀጠቅጣለሁ። በክረምት ዝናቡን ለመከላከል በሩን ዘግቼ ወናፉን ስነፋ፣ ከሰሉ ምንም ጭስ ሳይኖረው ራሴን ይወቅረኛል፤ ያጥወለውለኛልም። በእርጥብ ጨርቅ አፍንጫዬን ብሸፍን ይበቃ ይሆን?

መልስ፣ ከቡሬ፦
ጨርቁ አይጠቅምዎትም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ በመሆኑ ፍሙ ቀልቶ ጭሱ ሲጠፋም መመንጨቱን ይቀጥላል፤ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢንም ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ስለሚይዘው ሰውነት አየር እየሳበ ኦክስጅን ያጣል። ውጭ ሲወጡ የሚሻልዎት ከሆነ ሕመምዎ ከዚህ ጋዝ ነው የሚለው ጥርጣሬዬ ይጠነክራል። ራስዎን የሚያስት ከሆነ ግን ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት ይሂዱ፤ ሕክምናው ኦክስጅን ነው።

መልስ፣ ከዳንግላ፦
እኔም በዚሁ ሙያ ነኝ። ከምድጃው በላይ ሰፊ የቆርቆሮ ቆብ ሠርተው ቱቦውን ከጣሪያው ጫፍ በላይ ያውጡት፤ ነገር ግን ከታች ንጹሕ አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ከሌለ የትኛውም የጭስ ማውጫ በደንብ አይስብም። ዝናቡን በተመለከተ፣ በሩን ከመዝጋት ይልቅ ከደጁ በላይ ዳስ ቢጥሉ ይሻላል። በግድግዳው ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ በጭቃ ይምረጉ፤ ጋዙ በዚያ በኩል አልፎ ልጆች ወደሚተኙበት ይገባል። የተረፈውንም ፍም ለሙቀት ብለው ወደ መኝታ ቤት አያስገቡ። ይህን ብዙ ሰው ይዘነጋዋል። የጋዙ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከተገኘ መግዛቱ መልካም ነው፤ ሆኖም ቱቦውን አይተካም።