ስፒነርቤት ቀስ ብሎ ለመሳብ፦ በዲሲ ዙሪያ የትኛው ዕቃ፣ የትኛው ውሃ?

ጥያቄ፦ «ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። ባስ ማጥመድ ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ስፒነርቤት ገዝቼ ስወረውር እውላለሁ፤ እስካሁን አንድም አልነካልኝም። ችግሩ ዕቃው ነው ቦታው? የምታውቁ ጠቁሙኝ።»

ለማያውቅ፣ ባስ የሐይቅና የወንዝ አዳኝ ዓሣ ነው፤ ስፒነርቤት ደግሞ በታጠፈ ሽቦ የተሠራ ማጥመጃ ነው፣ በላይኛው ክንዱ የሚሽከረከር ብረት፣ በታችኛው ክብደትና መንጠቆ አለው። ወንድሜ፣ ሁለቱም ላይሆን ይችላል። እኔ ፍጥነትህን ነው የምጠረጥረው። ውሃ ሲቀዘቅዝ ባስ ሰውነቱ ይደክማል፤ ሩቅ ሮጦ አያሳድድም። አፉ አጠገብ ቀስ ብሎ የሚያልፈውን ግን አይምርም። ስለዚህ ጥቆማዬን በቀርፋፋ አሳሳብ ዙሪያ ላድርገው።

ሌላ ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ሪልህን፣ ማለትም ገመዱን የሚጠቀልለውን መዘውር ተመልከት። 7.1:1 ወይም 8.1:1 የሚል ካለበት፣ እጀታውን አንዴ ስታዞር ገመዱ የተጠቀለለበት ስፑል ከሰባት ጊዜ በላይ ይዞራል። እጅህን ብታዘገይም ማጥመጃው ይሮጣል። እኔ የመጀመሪያ ሪሌን ስገዛ ሻጩ «ፈጣን ነው፣ ለሁሉም ይሆናል» ብሎ ሰጠኝ። አምኜው አንድ ወቅት ሙሉ ባዶ እጄን ገባሁ። 5.4:1 የሚለውን ስይዝ ነው ነገሩ የተለወጠው። ገንዘብህ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ ለዚህ አውጣው። ዘንጉ 7 ጫማ ሚዲየም ሄቪ (መካከለኛ ጠንካራ)፣ ገመዱ ከ15 እስከ 17 ፓውንድ የሚችል ፍሎሮካርቦን የሚባለው ዓይነት ይሁን። ፍሎሮካርቦን ውሃ ውስጥ ስለሚሰምጥ ማጥመጃውን ታች ለማቆየት ያግዛል።

አሁን ወደ ብሌዱ፣ ማለትም ወደምትሽከረከረው ብረት። ሰው ቀለም ሲመርጥ ይውላል፤ ዋናው ግን የብሌዱ ቅርጽ ነው። ኮሎራዶ የሚባለው እንደ ማንኪያ አፍ ክብ ነው። ውሃውን በኃይል ይመታል፣ ማጥመጃውንም ወደ ላይ ያነሳል። ዊሎው ሊፍ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይመስላል፤ ብልጭታው ብዙ፣ ንዝረቱ ትንሽ ነው። ኢንዲያና በሁለቱ መካከል ነው። ውሃው ድፍርስ ከሆነ ወይም ጥልቀት ከሌለው ክብደቱ 3/8 አውንስ የሆነውን ከኮሎራዶ ጋር ግዛ፤ እጅግ ቀስ ብለህ ብትስበውም ቶሎ አይሰምጥም። ጥልቅ ውሃ ላይ ግን ያው ማንሳቱ ይጎዳሃል። እዚያ 1/2 ወይም 3/4 አውንስ ሆኖ ብሌዱ አነስ ያለ ይሁን።

ከብራንዶቹ፣ ቡያህ ብሌድ ለጀማሪ ይበቃል፤ ግንድ ላይ ተይዞ ቢቀር አያስቆጭም። ዋር ኢግል ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ንዝረቱ እጅ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል። እኔ የምወደው እሱን ነው። ቶሎ ግን ይጣመማል፤ ዓሣ በያዘ ቁጥር አቃናው። ተርሚኔተር የታይታኒየም ሽቦ ያለው አለው፤ ቢጎብጥም ተመልሶ ይቃናል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ዓይተህ፣ በእጅህ መዝነህ መግዛት ከፈለግህ ሜሪላንድ አሩንደል ሚልስ ያለው ባስ ፕሮ ሾፕስ ምርጫው ሰፊ ነው። በስናፕ፣ ማለትም በምትከፈትና በምትዘጋ ትንሽ ማያያዣ አትሰር፤ ሽቦው ክፍት መታጠፊያ ከሆነ ስናፑ ወደ ላይ ይንሸራተታል። ገመዱን በቀጥታ እሰረው።

ቦታውን በተመለከተ የእኔ ምርጫ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ስቴሽን ያለው ፋውንቴንሄድ ፓርክ ነው። ኦኮኳን ማጠራቀሚያ ላይ ጀልባ ያከራያሉ። ውሃው ረጅምና ጠባብ ነው፤ ዳርቻው ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ የወደቀ ዛፍም ሞልቷል። ቀስ ብሎ ለመሳብ የተሠራ ነው ማለት ይቻላል። ሜሪላንድ ቦይድስ ያለው ብላክ ሂል ፓርክም ጥሩ ነው፤ እዚያ ያለው ሊትል ሴኔካ ሐይቅ 505 ኤከር ነው፣ የቤንዚን ሞተር ስለማይገባበት ጸጥ ያለ ነው። ዲሲ ውስጥ ፖቶማክ ወንዝ ላይ ያለውን ፍሌቸርስ ኮቭን ሁሉም ይወደዋል፣ እኔም በኤፕሪል ለሻድ ዓሣ እሄዳለሁ። ፖቶማክ ግን ይፈሳል፤ ማጥመጃህን የሚስበው አንተ ሁን ወንዙ አይለይህም። ለመማሪያ አልመርጠውም። ጀልባ ኪራዩ ወቅት ስላለው ቀኑን አስቀድመህ ጠይቅ። ፈቃድ እንዳትረሳ፤ የቨርጂኒያው ለሜሪላንዱ ሐይቅ አይሠራም።

አሳሳቡን በአንድ ቀን ላሳይህ። ማርች መጨረሻ ፋውንቴንሄድ ነበርኩ፤ ውሃው 10 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ። አንድ ትልቅ ዛፍ ሥሩ ዳር ላይ፣ ጫፉ ውሃ ውስጥ ተጋድሟል። ከዛፉ አሳልፌ ወረወርኩና ገመዱን ለቅቄ ቆጠርኩ። 1/2 አውንስ በሰከንድ አንድ ጫማ ያህል ይወርዳል፤ ስምንት ላይ ገመዱ ላላ፣ መሬት ነካ ማለት ነው። ከዚያ ብሌዱ መዞሩ እጄ ላይ እስኪሰማኝ ብቻ፣ ከዚያ ሳላስበልጥ ሳብኩ። ዱክ፣ ዱክ፣ ዱክ። ግንዱ ላይ ሲደርስ ዘንጉን ትንሽ ቀና አድርጌ አሻገርኩትና እጄን አቆምኩ። ከግንዱ ማዶ እየተሽከረከረ ወረደ። መልሼ ስስብ ዱክ ዱኩ የለም። የነካኝ ነገር አልነበረም፤ ዝም ብሎ ጠፋ። ዘንጉን በጎን በኩል ሳብ ሳደርግ ከበደ። አራት ፓውንድ ገደማ የሚሆን ባስ ነበር፣ መለስኩት። በቀዝቃዛ ውሃ አያያዙ እንዲህ ነው። ንዝረቱ ሲቋረጥ ሳትጠራጠር ሳብ።

ማጥመጃው በጎኑ ተኝቶ ከመጣ የላይኛውን ሽቦ ከመንጠቆው ጋር በአንድ መስመር አስተካክል።

ተጨማሪ፦ «ጀልባ የለኝም፣ ከዳር ሆኜስ?» ላልሽው እህቴ፣ ቨርጂኒያ ፌርፋክስ ያለው በርክ ሌክ ሐይቅ ሂጂ። 218 ኤከር ነው፣ ዙሪያውን የእግር መንገድ አለው። ወደ መሀል አትወርውሪ። ከዳሩ ጋር ትይዩ አድርገሽ ወርውሪ፤ ማጥመጃው ዳር ዳሩን ይዞ ረጅም መንገድ ይሄድልሻል። 3/8 ከኮሎራዶ ጋር ያዢ፣ ማለዳ ግቢ።