የካርቶንና የፓሌት ልክ በግዴታ ወይስ በውዴታ?

የመከራከሪያው ጥያቄ፦ በ2014 ዓ.ም. በተመረቀው የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በኩል ዕቃ የሚያስገቡና የሚያስወጡ አምራቾች፣ መጋዘኖችና አጓጓዦች አንድ ዓይነት የካርቶንና የፓሌት (ካርቶኖች ተደርድረው የሚነሡበት ጠፍጣፋ መደብ) ልክ እንዲጠቀሙ ይገደዱ?

የመጋዘን ባለሙያ፦
ይገደዱ ከሚሉት ወገን ነኝ። 1200 በ1000 ሚሊ ሜትር በሆነ ፓሌት ላይ 600 በ400 የሆኑ ካርቶኖች ሦስቱ በአንድ በኩል ቆመው፣ ሁለቱ በሌላው በኩል ተጋድመው ክፍተት ሳይተዉ አንድ ድርድር ይሞላሉ። ካርቶኑ በጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲበልጥ ግን ጠርዙ ከፓሌቱ ውጭ ይንጠለጠላል፤ ከላይ ያለው ሲጫነው ይጨፈለቃል። ከዚያ በኋላ አምራቹ በአጓጓዡ፣ አጓጓዡ በመጋዘኑ ላይ ጣት ሲቀስር ይውላል፤ ሁሉም በየሥራው ብርቱ ቢሆንም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ቦታ ላይ አስቀድመው የተስማሙበት ልክ የላቸውምና።

የካርቶን አምራች፦
የመቁረጫ ቅርጾቼን ስቀይር ወጪውን ማን ይሸፍናል? ኮንቴይነርን እንደ ምሳሌ የሚያነሱ ሰዎች ታሪኩን ከግማሹ ይጀምሩታል። እ.ኤ.አ. በ1956 የኮንቴይነር ማጓጓዝ ሥራውን የጀመረው የማልኮም ማክሊን ኩባንያ ባለ 35 ጫማ፣ ማትሰን የተባለው የመርከብ ኩባንያ ደግሞ ባለ 24 ጫማ ሣጥን ይጠቀሙ ነበር። ዓለም አቀፉ ደረጃ 20 እና 40 ጫማን ሲመርጥ የሁለቱም ፈር ቀዳጆች ልክ ከዋናው መንገድ ወጣ። እነርሱ አቅም ነበራቸው፤ እኔ ግን ልኩ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር እንኳ የለኝም።

የምድር ባቡር ጡረተኛ፦
ልጆቼ፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው። የቀድሞው ፉርጎ ምንም ያህል ደህና ቢሆን በአዲሱ ላይ አይሄድም። አዲሱ ልክ በብዙ አገሮች ስለተለመደ ፉርጎና መለዋወጫ ከብዙ አምራቾች ለመግዛት ያመቻል፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ጥቅሙ የሁሉ፣ ኪሳራው ግን አሮጌው ዕቃ በእጁ የቀረበት ሰው ብቻ መሆኑ ተገቢ አይመስለኝም።

የመጋዘን ባለሙያ፦
አባታችን ያሉትን እቀበላለሁ፤ ስለዚህ ግዴታው የውጭውን ልክና የመለያ ጽሑፉን ቦታ ብቻ ይመለከት፤ የካርቶኑ ውፍረት፣ ኅትመቱና የውስጥ አከፋፈሉ ለአምራቹ ይተው። በውዴታ ይሁን የሚለው ግን አይዋጥልኝም፤ ሌላው እስኪጀምር ሁሉም ይጠብቃል።

የካርቶን አምራች፦
አሁን ያሉት ቅርጾች አገልግለው እስኪያልቁ የመሸጋገሪያ ጊዜ ከተሰጠ፣ ልኩም አነስተኛ አምራቾች በተወከሉበት ኮሚቴ ከጸደቀ፣ ተቃውሞዬን አነሳለሁ። ያለዚያ አልፈርምም።