የድርጅት ኔትወርክን ለመለየትና ለመከታተል የትኛው ነጻ ሶፍትዌር ይሻላል?

ጥያቄ፦
በድሬዳዋ፣ ከዚራና ሳቢያን በተባሉት ሰፈሮች ሁለት ቅርንጫፎች ያሉት የአንድ ድርጅት ኔትወርክ ኃላፊነት ተሰጥቶኛል። ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ ሰነድ ስላልተወ፣ የትኛው ኮምፒውተር ከየትኛው ስዊች (ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኝ መሣሪያ) ጋር እንደተያያዘ የሚያውቅ ሰው የለም። ምንጩ ክፍት በሆነ ሶፍትዌር ይህን ማወቅ ይቻላልን?

መልስ 1፦
ይቻላል። ለጠቀሱት ችግር ኔትዲስኮ (Netdisco) የተባለውን ሶፍትዌር አስቀድማለሁ፤ በኤስኤንኤምፒ (SNMP፣ የኔትወርክ መሣሪያዎችን መረጃ ለመጠየቅ በሚያገለግል የመገናኛ ደንብ) አማካኝነት የስዊቾችን የማክ አድራሻ (የእያንዳንዱ መሣሪያ የኔትወርክ ካርድ መለያ) ሠንጠረዥና የራውተሮችን የኤአርፒ ሠንጠረዥ (የትኛው አይፒ አድራሻ የየትኛው ማክ አድራሻ እንደሆነ የሚያሳየውን) አንብቦ፣ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በየትኛው የስዊች ፖርት (የገመድ መሰኪያ) ላይ እንዳለ ያሳያል።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ። ለዕለት ተዕለት ክትትል ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ኦብዘርቪየም ከተባለው የክትትል ሶፍትዌር ተከፍሎ የወጣውን ሊብሬኤንኤምኤስን (LibreNMS) ይጨምሩበት፤ በኤልኤልዲፒና በሲዲፒ (መሣሪያዎች ለጎረቤቶቻቸው ራሳቸውን በሚያስተዋውቁባቸው ደንቦች) ጎረቤት መሣሪያዎችን ራሱ እየፈለገ፣ በየ5 ደቂቃው ሁኔታቸውን ይመዘግባል። አደራ የምልዎት፣ ሁለተኛው የኤስኤንኤምፒ ስሪት የይለፍ ቃሉን ሳይመሰጥር ስለሚልክ፣ መሣሪያዎቹ ከቻሉ ሦስተኛውን ይጠቀሙ።

ጠያቂው፦
ከልብ አመሰግናለሁ። በሳቢያኑ ቅርንጫፍ ግን ሁለቱ ስዊቾች አይፒ አድራሻ እንኳ የማይሰጣቸው ተራ ስዊቾች ናቸው።

መልስ 1፦
እነዚህ ለኤስኤንኤምፒ መልስ አይሰጡም፤ ከጀርባቸው ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ በዋናው ስዊች አንድ ፖርት ላይ ተደራርበው ይታያሉ። አድራሻዎቹን ኤንማፕ (Nmap) በተባለው የኔትወርክ መቃኛ ሶፍትዌር ቃኝተው ይመዝግቧቸው፤ ገመዱን ግን በእጅ መከተል ግድ ነው።