6 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን፦ አልኪን ወይስ ቀለበት?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አልኬን ነጠላ ቦንድ ብቻ፣ አልኪን ድርብ፣ አልካይን ደግሞ ሦስትዮሽ ቦንድ እንዳላቸው ገብቶኛል። ግን 6 ካርቦንና 12 ሃይድሮጅን ያለው ፈሳሽ ሄክሲን (ድርብ ቦንድ ያለው አልኪን) ይሁን ሳይክሎሄክሴን (ካርቦኖቹ ቀለበት የሠሩበት አልኬን) በምን ይለያል?

መልስ 1፦
ወንድሜ፣ ከቀመሩ ብቻ አይለይም። የካርቦኑን ቁጥር በ2 አባዛ፣ 2 ጨምር፣ ሃይድሮጅኑን ቀንስና ለ2 አካፍል። ያንተው 14 ሲቀነስ 12፣ ለ2 ሲካፈል 1 ነው፤ አንድ ድርብ ቦንድ ወይም አንድ ቀለበት አለ ማለት ነው። 6 ካርቦንና 6 ሃይድሮጅን ያለው ቤንዚን 4 ይሰጣል። (ይህ የማደያው ቤንዚን አይደለም፤ ያኛው የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው።)

መልስ 2፦
ፈተናው በብሮሚን ውኃ ነው። 1 ሚሊ ሊትር ናሙና ላይ 5 ጠብታ ጨምረህ፣ ክዳኑን ገጥመህ በደንብ ናጠው። ሄክሲን ከሆነ ብርቱካናማው ቀለም ወዲያው ይጠፋል። ጓንት አድርግ፣ ጭስ መሳቢያ ሥር ሥራ።

መልስ 3፦
ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ሳይክሎሄክሴንም ሲናጥ የታችኛው ውኃ ይነጣል። ብሮሚኑ ግን አልጠፋም፣ ወደ ላይኛው ንብርብር ወጥቶ እዚያ ብርቱካናማ ሆኖ ይታያል። ሁለቱንም ንብርብር ተመልከት። ፀሐይ ላይም አታቁመው፤ በብርሃን አልኬንም ቀስ እያለ ከብሮሚን ጋር ይዋሃዳል።