እህቴ በቼርኖቤል ጊዜ ኪየቭ ነበረች፣ አሁን አንገቷ ላይ እብጠት ተገኘ

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ጭንቅ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ወላጆቻችን ኪየቭ ይማሩ ነበር። ሚያዝያ 1978 ዓ.ም. ከኪየቭ ብዙም የማይርቀው የቼርኖቤል የኑክሌር ማመንጫ ሲፈነዳ እህቴ ገና 3 ዓመቷ ነበር፣ እናቴ እንደምትለው ደግሞ ያለ ወተት አትውልም።

ባለፈው ወር ውሃ ስትጠጣ አንገቷ ላይ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር አየሁ። በአልትራሳውንድ 1.8 ሴንቲ ሜትር እብጠት ታይሮይዷ (ሆርሞን የሚያመነጨው የአንገት ዕጢ) ላይ ተገኘ። የሆርሞን ምርመራዋ ግን ኖርማል ነው። እሷም "ኖርማል ነው ተባልኩ እኮ" ብላ በቀጭን መርፌ ናሙና መስጠቱን እምቢ አለች።

ሆርሞን ኖርማል ሆነ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም። ከፍንዳታው የወጣው ጨረር አመንጪ አዮዲን 131 በየ8 ቀኑ በግማሽ እየቀነሰ ቢጠፋም፣ በወተት ገብቶ የሕፃናት ታይሮይድ ውስጥ ይከማቻል፣ መዘዙም ከብዙ ዓመት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ሐኪሙ ልጅነቷን የት እንዳሳለፈች አልጠየቃትም፣ እሷም አልነገረችውም!

እባካችሁ፣ ይህን ናሙና የሰጣችሁ ካላችሁ ሕመሙ እንዴት ነው? ውጤቱስ ስንት ቀን ፈጀ? ያኔ እዚያ ልጅ የነበራችሁስ ክትትላችሁ ምን ይመስላል? የኪየቩን ነገር እሷ ሳታውቅ ለሐኪሙ ልንገረው ወይስ እሷን ላሳምን? በምን ቃል እንደምጀምርላት ጠፍቶኛል።